ሴት እጩዎች በዜና ስለሚቀርቡበት መንገድ የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በጋዜጣ፣ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በበይነ መረብ የምንሠራ ሪፖርተሮች፣ አዘጋጆችና የካሜራ ባለሙያዎች በማኅበራችን ጥላ ሥር ተሰባስበን ከመከርንባቸው ጉዳዮች አንዱ ለሕዝብ ሥልጣን የሚወዳደሩ ሴቶች በዜና የሚቀርቡበት መንገድ ነው። ምክክሩ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ብቻ እንዳይቀር ይህን መግለጫ አውጥተናል። መግለጫው ከሁሉ በፊት የሚመለከተው የራሳችንን የዜና ክፍሎች ነው። ፓርቲዎችንና ምርጫ ቦርድን የሚመለከተውንም ሳንሸሽግ እናነሣለን።

አቋማችን ይህ ነው። ለወንድ እጩ የማናቀርበውን ጥያቄ ለሴት እጩ አናቀርብም፤ ስለ ወንድ እጩ የማንጽፈውንም ስለ ሴት እጩ አንጽፍም። መራጩ ድምፁን የሚሰጠው ሰው ስለ ግብር፣ ስለ መሬት፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሰላም ምን እንደሚያስብ የማወቅ መብት አለው። እጩዋ ሴት በሆነች ቁጥር ይህ መብት ይሸራረፋል። ጉዳቱ ለጊዜው በእጩዋ ላይ ያረፈ ቢመስልም፣ መረጃ ሳያገኝ ወደ ምርጫ ጣቢያ የሚሄደው ሕዝቡ ነው።

የሀገራችን ሴቶች ወደ ምርጫ መድረክ የወጡት ትናንት አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በሩን ከከፈተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በተካሄደው የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ ተወዳድረው አሸንፈዋል። ወ/ሮ ስንዱ ደራሲ ነበሩ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተግዘው ታስረዋል፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፤ ምክር ቤት ከገቡም በኋላ እስከ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ደርሰዋል። ዛሬ ስማቸው በመገናኛ ብዙኃን የሚነሣው በአብዛኛው ማርች 8 ሲደርስ ነው፤ ያውም «የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል» በሚል አንድ መስመር። በዚያ ወንበር ላይ ሆነው ምን አነሡ፣ ከማን ጋር ተከራከሩ፣ የትኛውን ሕግ ደገፉ የሚለውን የሚነግር ዘገባ እምብዛም አይገኝም። ከስልሳ ዓመት በላይ ያለፈው ታሪክ እንኳ በዚህ መልክ ከቀረበ፣ ዛሬ ለሚወዳደሩት ሴቶች የምናደርገው ቢያንስ እንጂ አይበልጥም።

ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ወ/ሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ርዕሰ ብሔር ሆነው ሲመረጡ «የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል የዓለምንም የሀገር ውስጥንም ርዕሶች ሞልቶ ነበር። እውነት ነው፤ መጠቀስም ነበረበት። ነገር ግን የተመረጡት ሴት በሴኔጋል፣ በጅቡቲና በፈረንሳይ አምባሳደር የነበሩ፣ በናይሮቢ የተባበሩት መንግሥታትን ጽሕፈት ቤት በዋና ዳይሬክተርነት የመሩ፣ በአፍሪካ ኅብረት የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ልዩ ተወካይ የነበሩ ዲፕሎማት ናቸው። የአንድ ሰው የአሠርት ዓመታት ሥራ ወደ ዜናው ግርጌ ወርዶ ጾታው ርዕስና መደምደሚያ ሲሆን፣ አንባቢ የሚያገኘው መልእክት ሴትዮዋ የተመረጡት በሴትነታቸው ነው የሚል ይሆናል። በተመሳሳይ ወር ከተሾመው ካቢኔ ግማሹ ሴቶች ነበሩ፤ ይህንንም ስንዘግብ ቁጥሩን አክብረን ሰዎቹን ዘነጋን። ኢትዮጵያ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ እስራኤል የሄዱት፣ በቴሌቪዥን ጋዜጠኝነት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2013 የሀገሪቱ ፓርላማ ክኔሴት የገቡትና በ2020 ሚኒስትር የሆኑት ፕኒና ታማኖ ሻታም በእኛው ቋንቋ ዘገባዎች ዘንድ ከ«የመጀመሪያዋ» ብዙም አልፈው አልታወቁም።

በ2007ቱ ምርጫ ከተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 38.8 በመቶውን ሴቶች ይዘው ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተካሄደው ስድስተኛው አጠቃላይ ምርጫ በኋላ ድርሻቸው ከ40 በመቶ በላይ ሆኗል። ይህ በዓለም አቀፍ መመዘኛ ከፍተኛ ነው። በሌላ በኩል በየአምስት ዓመቱ የበርካታ ሀገራትን ዜና በአንድ ቀን የሚፈትሸው ዓለም አቀፉ የሚዲያ ክትትል ጥናት እ.ኤ.አ. በ1995 በዜና ከሚጠቀሱና ከሚናገሩ ሰዎች ሴቶች 17 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር፤ በ2020 ቁጥሩ 25 በመቶ ደረሰ። ሩብ ምዕተ ዓመት ሙሉ ስምንት ነጥብ። በምክር ቤታችን ከአምስት አባላት ሁለቱ ሴቶች በሆኑበት ሀገር፣ የፖለቲካ ዜና የሚሠራ ሪፖርተር አስተያየት ሲፈልግ የሚደውልባቸው ስልኮች ዛሬም ከሞላ ጎደል የወንዶች ናቸው። ሴት የምክር ቤት አባላት የሚፈለጉት ስለ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ሲሆን ነው። ስለ በጀት፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ድንበር የሚጠየቁት ሌሎች ናቸው።

ወደ ቃለ መጠይቁ እንምጣ፤ ነገሩ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። እጩዋ ስቱዲዮ ትገባለች። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ልጅነቷ ነው፤ ይሁን፣ ለወንዱም ይጠየቃል። ቀጥሎ «ቤትና ፖለቲካን እንዴት አጣጣሙት?» ይመጣል። ከዚያ «ባለቤትዎ ምን አሉ?»፣ ከዚያ «ልጆቹን ማን ይይዛል?»፣ ካላገባች ደግሞ «ለምን?»። ጥያቄው በክፉ ልብ አይቀርብም፤ አብዛኛውን ጊዜ በፈገግታና በአክብሮት ነው የሚቀርበው። እጩዋም በትሕትና ትመልሳለች፤ ካልመለሰች ትዕቢተኛ ትባላለች። የፓርቲዋን የመሬት ፖሊሲ እንድታብራራ ዕድል ስታገኝ ሰዓቱ ተገባዷል፤ አዘጋጁም «በአጭሩ ቢነግሩን» ይላል። በማግሥቱ የዚያው ምርጫ ክልል ወንድ ተወዳዳሪ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። የአራት ልጆች አባት ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ አይጠየቅም። ሙሉ ሰዓቱን ስለ መሬት ይናገራል። ሁለቱን ፕሮግራሞች የሰማ መራጭ ስለ ወንዱ ሐሳቡን፣ ስለ ሴቷ ቤቷን አውቆ ይወጣል። ከዚያ «ሴት እጩዎች ስለ ፖሊሲ አይናገሩም» እንላለን።

የግል ሕይወት ፈጽሞ አይነካ አንልም። የቀድሞዋ ዳኛና የአንድነት ፓርቲ መሪ ወ/ት ብርቱካን ሚደቅሳ ዳግመኛ በታሰሩበት ወቅት ትንሽ ልጅ ያላቸው እናት መሆናቸው በዘገባዎች ተነሥቷል፤ መነሣቱም ተገቢ ነበር፤ እስሩ የሚያስከትለው ጉዳት አካል ነበርና። እጩዋ ራሷ የቤተሰቧን ታሪክ የቅስቀሳዋ መነሻ ካደረገችው፣ ወይም የሕፃናት ማቆያ ፖሊሲ አቅርባ ከራሷ ልምድ ከተናገረች ጉዳዩ ዜና ነው። መመዘኛው አንድ ነው፦ ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያለን ወንድ ብንዘግብ ይህን እናነሣው ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ እንጻፈው።

ሙገሳም ከዚህ ደንብ አያመልጥም። በአባላቶቻችን መካከል ብዙ ያከራከረው ይህ ነጥብ በመሆኑ ዘርዘር እናድርገው። «ውቧ እጩ»፣ «በባህል ልብስ ደምቀው የታዩት»፣ «እንደ ወንድ ቆፍጣና»፣ «ብረቷ እመቤት» የሚሉ አገላለጾች ክብር ለመስጠት የሚጻፉ ናቸው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ በመራጮች ላይ የተደረገ ጥናት በዜና ስለ ሴት እጩ መልክና አለባበስ የሚጻፍ ነገር ቢያሞግስም ቢነቅፍም መራጩ ለእሷ ያለውን ግምት ዝቅ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ጥናቱ ሌላም ነገር አሳይቷል፤ እጩዋ ወይም ሌላ ሰው ይህ አዘጋገብ አግባብ እንዳልሆነ በግልጽ ሲናገር የጠፋው ግምት ይመለሳል። ዝምታ አይጠቅምም ማለት ነው። «እንደ ወንድ» የሚለው ሙገሳ ደግሞ ጥንካሬን የወንድ ንብረት አድርጎ ለሴቷ በውሰት የሚሰጥ ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ተረቱን በአደባባይ የሚጠቅስ ጋዜጠኛ ዛሬ ጥቂት ቢሆንም ሐሳቡ ግን በሙገሳችን ውስጥ ተደብቆ ይኖራል።

ስለ አጠራርም አንድ ነገር መወሰን ነበረብን። ወንዱ እጩ አግብቶም ሳያገባም አቶ ነው። ሴቷን ለመጥራት ግን ሪፖርተሩ ማግባት አለማግባቷን ማጣራት ይጠበቅበታል፤ ወ/ሮ ይሁን ወ/ት ሳያውቅ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አይችልም። በአንድ ዜና ውስጥ ወንዱ «ገልጸዋል»፣ «አስረድተዋል» ሲባል ወጣቷ ሴት «ተናግራለች» የምትባልበት ጊዜም ብዙ ነው። ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ዳኛ የሆነች ሴት ማዕረጓ ተትቶ በስሟ ብቻ ስትጠራ ሰምተናል። እነዚህ ጥቃቅን ይመስላሉ፤ አድማጩ ግን ማን ከማን እንደሚበልጥ የሚለካው በእነዚህ ነው።

አሁን ፓርቲዎችን ወደሚመለከተው እንለፍ። በእኛ የምርጫ ሥርዓት በአንድ ምርጫ ክልል ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ስለዚህ ስም መታወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ስም የሚታወቀው ደግሞ በአብዛኛው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነው። በ2013ቱ ምርጫ ለፓርቲዎች የአየር ሰዓት ሲደለደል ያቀረቧቸው ሴት እጩዎች ብዛት አንዱ መመዘኛ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። በተግባር ግን በሴቶቹ ቁጥር የተገኘውን ሰዓት ማን ተናገረበት? የምርጫ ክርክሮቹን የተከታተለ ሰው ያስታውሰዋል፤ መድረኩ ላይ ቆመው የተናገሩት አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ሴት እጩዎች የፓርቲውን ሰዓት አስጨምረው በዚያ ሰዓት ድምፃቸው አልተሰማም። ይህን አካሄድ ኢፍትሐዊ ነው ብለን እናምናለን፤ መገናኛ ብዙኃንም ፓርቲው የላከውን ተናጋሪ ተቀብለን ዝም ማለታችን ከተጠያቂነት አያድነንም።

ከዜና ክፍል ውጭ ያለው ዓለም ደግሞ የከፋ ነው። የዓለም ፓርላማዎች ኅብረትና የአፍሪካ ፓርላማዎች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ያደረጉት ጥናት በ50 የአፍሪካ ሀገራት የሚሠሩ 224 ሴት የምክር ቤት አባላትንና ሠራተኞችን አነጋግሯል። ከምክር ቤት አባላቱ 80 በመቶው የሥነ ልቦና ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ይህ ዘለፋ በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚጀምር ቢሆንም ወደ ዜና የሚያስገባው የእኛ ሙያ ነው። «መነጋገሪያ ሆነች» በሚል ርዕስ የሚሠራውን ዘገባ ሁላችንም እናውቀዋለን። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ስለ አንዲት እጩ ትዳር ወይም ባሕርይ አንድ ወሬ ይለጥፋል፤ ወሬው ይዛመታል፤ ከዚያ አንድ የዜና ተቋም ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት ሳያጣራ መዛመቱን ብቻ ዜና አድርጎ ያቀርበዋል። በዚያች ቅጽበት ስም ማጥፋቱ የዜና ልብስ ለበሰ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ጾታን መሠረት ያደረገ ጥላቻን ከከለከላቸው ነገሮች ውስጥ አካትቷል። እኛ ግን ጋዜጠኛ የሚታረመው በመጀመሪያ በገዛ ዜና ክፍሉ ሕግ ነው ብለን እናምናለን፤ ፍርድ ቤት የመጨረሻው በር እንዲሆን እንፈልጋለን።

ችግሩ የድሃ ሀገር ወይም የጀማሪ ሚዲያ ችግር ነው የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 የብሪታንያዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይና የስኮትላንድ መሪ ኒኮላ ስተርጅን በግላስጎው ተገናኝተው ነበር፤ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት የመውጫውን ሂደት በይፋ ልትጀምር የቀራት ቀናት ብቻ ነበር። በማግሥቱ አንድ ብዙ አንባቢ ያለው ዕለታዊ ጋዜጣ በፊት ገጹ ያነጻጸረው የሁለቱን እግሮች ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ጃሲንዳ አርደርን የኒውዚላንድ ሌበር ፓርቲ መሪ በሆኑ በሰዓታት ውስጥ መውለድ ይፈልጉ እንደሆነ ተጠይቀዋል። በአውስትራሊያ ጁሊያ ጊላርድ ገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሳይሆኑ ወጥ ቤታቸው ውስጥ በተነሡት ፎቶግራፍ ላይ የፍራፍሬ ሳሕኑ ባዶ መሆኑ መወያያ ሆኖ ነበር። ገንዘብና ልምድ ብቻቸውን ይህን አያስቀሩም። የሚያስቀረው ዜና ክፍሉ ሲወስን ነው።

በምክክራችን ሁለት ተቃውሞዎች ተነሥተዋል። የመጀመሪያው «ተመልካች የሚፈልገው ይህንን ነው» የሚል ነው። ተመልካች ያልቀረበለትን ሊፈልግ አይችልም፤ ደግሞም በምርጫ ሰሞን የምንሠራው ለተመልካች ብዛት ብቻ ከሆነ የምርጫ ዘጋቢነት ፈቃድ ባልጠየቅን ነበር። ሁለተኛው ክብደት ያለው ነው፦ «ሴቶቹን ስንጠራቸው አይመጡም»። እውነት አለው። ይህንን ያሉት ባልደረቦቻችን ስልክ ደጋግመው የደወሉ ናቸው። ግን ለምን አይመጡም? ምን እንደሚጠየቁ ያውቃሉ፤ ከስርጭቱ በኋላ በአስተያየት መስጫው የሚጻፍባቸውንም ያውቃሉ። አንዳንዶቹ ፓርቲያቸው ሳይፈቅድ መናገር አይችሉም። ቀረጻው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከተያዘና መጓጓዣ ከሌለ ወደ ቤት መመለስ ለብቻዋ ለምትሄድ ሴት ሌላ ጭንቅ ነው። እነዚህን ማስተካከል በአብዛኛው በእጃችን ያለ ነገር ነው፤ ርዕሱን አስቀድሞ መንገር፣ ሰዓቱን ማስማማት፣ የዘለፋ አስተያየቶችን ማንሣት፣ አንዴ እምቢ ያለችውን እንደገና መጋበዝ።

በመሆኑም ማኅበራችን የሚከተለውን ወስኗል፤ አባላቱም በዚህ ይገደዳሉ። በማንኛውም የምርጫ ዘገባ ለአንድ ምርጫ ክልል ወይም ለአንድ መድረክ እጩዎች የሚቀርቡት ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ ተከታይ ጥያቄ ከመልሱ ይወለዳል፣ ከጾታ አይወለድም። መልክ፣ አለባበስ፣ ትዳርና ልጅ ከፖሊሲ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት ከሌላቸው አይጻፉም፤ ለሙገሳም ቢሆን። እጩዎች በሙያ ማዕረጋቸው፣ ማዕረግ ከሌላቸው ራሳቸው በመረጡት አጠራር ይጠራሉ፤ በአንድ ዘገባ ውስጥ ለወንድ የአክብሮት አንቱታ ከተሰጠ ለሴትም ይሰጣል። «የመጀመሪያዋ» የሚለው እውነት በሆነበት ቦታ አንድ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ እንሄዳለን። በማኅበራዊ ሚዲያ ስለተዛመተ ወሬ ምንጩና እውነትነቱ ሳይጣራ ዘገባ የሠራ አባል በማኅበሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ይጠየቃል።

ለዋና አዘጋጆች የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ በየሳምንቱ የኤዲቶሪያል ስብሰባ ላይ በዜናዎቻችሁ ማን እንደተናገረ ቁጠሩ። ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ሴቶቹስ ስለ ምን ተጠየቁ? ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ቁጥሩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ክርክሩ ይቀንሳል። የፖለቲካ ዘገባም ለሴት ሪፖርተሮች ይሰጥ፤ በጤናና በማኅበራዊ ጉዳይ ብቻ የተወሰኑ ብርቱ ባልደረቦች በየዜና ክፍሉ አሉ።

ፓርቲዎች በሴት እጩዎቻቸው ብዛት ያገኙትን የአየር ሰዓት ለእነዚያው ሴት እጩዎች እንዲሰጡ እንጠይቃለን። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ በቀጣይ ድልድሎች ይህንን የሰዓቱ አጠቃቀም ግዴታ እንዲያደርገው፣ ማን እንደተናገረበትም ከምርጫው በኋላ ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርግ እንጠይቃለን። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 35 ለሴቶች እኩልነት፣ በአንቀጽ 38 ለመምረጥና ለመመረጥ፣ በአንቀጽ 29 ለፕሬስ ነፃነት ዋስትና ሰጥቷል። ሦስቱን እርስ በርስ የሚያጋጭ ነገር የለም፤ የምንጠይቀውም ሦስቱ አብረው እንዲሠሩ ነው።

ሴት እጩዎችም አንድ ነገር እንዲያውቁ እንፈልጋለን። ለወንድ ተወዳዳሪዎ የማይቀርብ ጥያቄ በአባሎቻችን ከቀረበልዎ ላለመመለስ ሙሉ መብት አለዎት፤ «ወደ ፖሊሲው እንመለስ» ብለው መናገርዎም በዘገባው ውስጥ ሳይቆረጥ ይቀርባል።

አንባቢዎችና አድማጮች ሆይ፣ ይህ መግለጫ በተግባር መዋሉን የምታዩት እናንተ ናችሁ። ከዚህ የተለየ ዘገባ ከአባሎቻችን ስታዩ የጣቢያውን ወይም የጋዜጣውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሳችሁ ጻፉልን፤ መልሱን በስማችሁ እንጠይቃለን፤ የተሰጠንንም መልስ ለሕዝብ እናሳውቃለን።